ልጅ ከቤት ሲወጣ፦ ሐዋሳ ላይ ለቀሩ ወላጆች

ልጅ ከቤት የሚወጣው በብዙ በር ነው። አንዱን ትምህርት ሚኒስቴር ጎንደር ወይም ጅግጅጋ ይመድበዋል፤ ሌላዋ አዲስ አበባ ሥራ ታገኛለች፤ አንዷ አግብታ ትወጣለች፤ አንዱ ዱባይ ወይም አሜሪካ ይሻገራል። ሐዋሳ የቀሩት እናትና አባት የሚገጥማቸው ግን ያው ነው። ቤቱ ጭር ይላል፣ ወጡ ይተርፋል፣ አመሻሽ ላይ በር የሚያንኳኳ ይጠፋል።

ይህን ስሜት የሚያከብደው ደግሞ ስም የሌለው መሆኑ ነው። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት አብሮ ይቀመጣል። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወይም ውጭ ሲሄድ ሰው የሚመጣው «እንኳን ደስ አላችሁ» ለማለት ነው። ስለዚህ ሆዱ የባሰው ወላጅ ምስጋና የጎደለው እንዳይመስል ዝም ይላል። ዝምታውን ለመስበር ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ አንድ ይበቃል። ሲመርጡ ልጁ ካቻምና ወይም አምና የወጣበትን ሰው ቢመርጡ ይሻላል፤ እሱ «በሰላም መሄዱን አመስግኑ» ብሎ ወሬውን አይዘጋም። «ከሄደ ወዲህ ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ» ማለት ለመጀመሪያ ቀን በቂ ነው።

ናፍቆቱን በአንዴ ለማጥፋት አይሞክሩ፤ አይጠፋም። ማስተካከል የሚቻለው ልጁ ይዞት የነበረውን ሰዓት፣ ምጣዱንና ስልኩን ነው።

የሚከብደውን ሰዓት መለየት

ብቸኝነት ቀኑን ሙሉ እኩል አይጫንም። ለአንድ ሳምንት አንድ ደብተር ይያዙና ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ አንድ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ላይ ከበደኝ፣ በዚያ ሰዓት ድሮ ምን ይሠራ ነበር? መጻፍ የማይወድ ሰው በስልኩ ድምፁን ይቅዳ። ሳምንቱ ሲያልቅ አብዛኛው ወላጅ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብቻ ተደጋግሞ ያገኛል። ልጁ ከትምህርት ይመለስ የነበረበት ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ፣ የእራት ሰዓት፣ እሑድ ከጸሎት መልስ ያለው ጊዜ በብዛት ይመጣሉ።

ከዚያ መሙላት ያለብዎት እነዚያን ሰዓቶች ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቀኑን በሙሉ በሥራ ይሞላና ምሽት 1 ሰዓት ላይ ደክሞት ባዶ ቤት ይገባል። ጠዋት ከሚሠራ የአራት ሰዓት ሥራ ይልቅ በከበደው ሰዓት የተያዘ የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ይሻላል። ቀጠሮውም ከሌላ ሰው ጋር ይሁን። ብቻዎን «እወጣለሁ» ካሉ ዝናብ ሲያስገመግም ይቀራል፤ ጎረቤት በር ላይ ቆማ ከጠበቀች ግን አይቀርም።

ሐዋሳ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ከቀኑ 10 ሰዓት የሚከብደው ሰው በፍቅር ሐይቅ በኩል የሐይቁን ዳር ይዞ 30 ወይም 40 ደቂቃ መሄድ ይችላል፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ጉልበት የሚያመው ሰውም ይችለዋል። ታቦር ተራራ ለጉልበት አይመከርም፤ ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ከሐይቁ ዳር 12 ሰዓት ሳይሞላ መመለስ ነው፤ ሲመሽ ትንኙ ይነሳል፣ ከተማው ደግሞ ወባ ያለበት ነው። ጠዋት የሚከብደው ሰው አሞራ ገደል ይሂድ፤ ጀልባዎቹ የሚገቡት ማለዳ ነው። እዚያ ባይገዙም ዓሣ አጥማጁን፣ ዓሣ ገፋፊውንና አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ማየት ራሱ ሥራ ነው።

ምጣድና ድስት

ይህ ተራ ጉዳይ ይመስላል፤ ግን ናፍቆቱ በቀን ሦስት ጊዜ የሚመጣው እዚህ ነው። ለአምስት ሰው የለመደ እጅ ለሁለት መለካት ይቸግረዋል። የተረፈው ወጥ በታየ ቁጥር ሆድ ይብሳል፤ ሲሰለች ደግሞ መሥራቱ ይቀራል።

ለሁለት ሰው በሳምንት አንዴ ብዙ መጋገር ትርፉ ሻጋታ ነው፤ በሐዋሳ ሙቀት እንጀራ ከሦስት አራት ቀን በላይ ደህና አይቆይም። አንድ ኪሎ ተኩል ዱቄት ያቡኩ፤ እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ቅጥነት 10 ገደማ እንጀራ ይወጣዋል፤ ለሁለት ሰው ሦስት ቀን ያህል ነው። እርሾውም አብሮ ይቀንስ፤ ለዚህ መጠን ሁለት ወይም ሦስት የቡና ስኒ ይበቃል። በድሮው መጠን ካፈሰሱበት ሊጡ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ያኔ ጥፋቱ በዱቄቱ ይሳበባል። ብቻዎን ከሆኑ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ተራ ይግቡ፤ ዛሬ እርስዎ ለሁለት ቤት ይጋግራሉ፣ ከሦስት ቀን በኋላ እሷ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪግል የሚፈጀው መብራት ለ4 እንጀራም ለ15ም ያው ስለሆነ በወጪም ያዋጣል። በዚያ ላይ እንጀራ ለመቀባበል በሳምንት ሁለት ጊዜ በር ይንኳኳል።

ለወጥ ትንሽ ድስት ይግዙ። ሁለት ራስ ሽንኩርት ትልቅ ድስት ውስጥ ሲገባ ስስ ሆኖ ይነጠፍና ሳይበስል ያርራል። ለአንድ ሰው ሽሮ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በሁለት ብርጭቆ ውሃ ልክ ነው። ስጋ ለአንድ ሰው ለመግዛት የሚያፍር ሰው አለ፤ ዓሣ ግን አያሳፍርም፣ አንድ መካከለኛ ቆሮሶ የአንድ ሰው እራት ነው። የተገፈፈውን በዚያው ቀን ይሥሩት፤ አያድርም።

ዳቦ በሻይ እራት ሲሆን ይጠንቀቁ። በሳምንት አንዴ ምንም አይደለም። በተከታታይ ሲሆን ግን እራትን ወደ መዝለል ይወስዳል፤ በተለይ የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ዘሎ መድኃኒቱን ከወሰደ ስኳሩ ወርዶ ማታ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ቤት ውስጥ የሚያየው ሰው ደግሞ አሁን የለም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው እራቱን ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር አስሮ ይያዝ፤ አልጋው አጠገብ ስኳር ወይም ከረሜላ ያስቀምጥ፤ አንድ ጎረቤትም ትወቅ።

ቡናው ብቻ ለአንድ ሰው አይፈላም፤ ባይፈላም ጥሩ። አንድ ስኒ ሙሉ ጥሬ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ለአራት አምስት ሰው ይበቃል። ሦስት ቤት ተራ ቢገቡ አንድ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ገደማ ይደርሰዋል። እንቅልፍ የራቀው ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጣ።

ስልክ

ቀጠሮ የሌለው ስልክ ሁለቱንም ያደክማል። ወላጁ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል፣ ልጁ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ጥፋተኛ ይሆናል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለምሳሌ ረቡዕና እሑድ፣ ሰዓቱን ቆርጠው ይስማሙ። በመጀመሪያው ወር ሦስት ቢሆን ችግር የለውም፤ በየቀኑ ግን አይሁን። በየቀኑ ሲሆን የሚወራው ያልቅና «በላህ? ምን በላህ? ለምን አልበላህም?» ወደሚል ምርመራ ይወርዳል። በመካከሉ በቴሌግራም የ30 ሰከንድ የድምፅ መልእክት ይላኩ፦ የጎረቤት ውሻ ስለመውለዷ፣ ማንጎው ስለማፍራቱ። መልስ የማይጠይቅ ወሬ ይሁን። ልጅ የሚናፍቀው የቤቱን ተራ ወሬ ነው፤ የሚሸሸው ደግሞ ጥያቄውን።

ልጁ ውጭ ከሆነ የሰዓቱን ልዩነት ወረቀት ላይ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል፤ ደቡብ አፍሪካ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው። ዋሽንግተን በእነሱ በጋ በ7፣ በእነሱ ክረምት በ8 ሰዓት ወደኋላ ነው። ስለዚህ እዚህ ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ እንደ ወራቱ ቀን 7 ወይም 6 ሰዓት ነው፤ ለእሑድ ስልክ ለሁለቱም የሚመች ሰዓት ይኸው ነው። መጋቢት መግቢያ ገደማና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ በዚያ ሰሞን «ረሳኝ» ብለው አይፍረዱ።

ስልክ ካልተነሣ ምን እንደሚደረግ ከመሄዱ በፊት ይነጋገሩ። ሩቅ ዩኒቨርሲቲ መብራትም ኔትወርክም ይጠፋል። በቀጠሮው ካላነሳ አንድ መልእክት ልከው እስከ ማግስቱ ማታ መጠበቅ ደህና ልማድ ነው። ለአደጋ ጊዜ የአንድ ዶርም ጓደኛ ቁጥር ይኑርዎት፤ ግን ለአደጋ ብቻ ይሁን። ጓደኛውን «ለምን አያነሳም?» እያሉ በየሳምንቱ መጠየቅ ልጁን በእኩዮቹ ፊት ያሳፍራል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥር መስጠት ያቆማል። ቴሌግራም ላይ መቼ እንደገባ እያዩ መቁጠርም ይቅር፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መግባቱን ማወቅ ለወላጅ እንቅልፍ አይጨምርም።

ዓረብ አገር ለቤት ሥራ የሄደች ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ስልክ የምታገኘው ቀጣሪዋ በፈቀደችበት ሰዓት ሊሆን ስለሚችል ዝምታዋ ንቀት አይደለም፤ ግን ዝም ተብሎም አይታለፍም። የፓስፖርቷን፣ የውሏንና የላካትን ኤጀንሲ አድራሻ ቅጂ ቤት ያስቀምጡ። ከተስማሙበት ጊዜ በላይ ድምፅዋ ከጠፋ መጀመሪያ ኤጀንሲውን፣ ቀጥሎ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱን በቅጂዎቹ ይጠይቁ።

አንድ ወጥመድ ሳይጠቀስ አይታለፍም። «አሞኛል፣ ልሞት ነው» ብሎ ልጅን መጥራት አንድ ሁለቴ ይሠራል። ልጁ ፈተና ጥሎ ወይም ፈቃድ ለምኖ ይመጣል፤ ወላጁን ቡና ሲያፈላ ያገኘዋል። ሦስተኛ ጊዜ በእውነት ሲታመሙ አይመጣም። «ናፍቀኸኛል፣ ለፋሲካ ብትመጣ ደስ ይለኛል» ማለት ይቻላል፤ ያንሳል ብለው አይፍሩ።

ቋጠሮ

እጅ ሥራ ሲያገኝ ልብም ያርፋል፤ ስለዚህ ስንቅ ማዘጋጀት ጥሩ ነው። የሚበላሸው መጠኑና ዓይነቱ ነው። ዶርም ውስጥ ማብሰል ስለማይቻል ሽሮና በርበሬ ለተማሪ ሸክም ናቸው፤ ተከራይቶ ለሚኖር ሠራተኛ ይላኩ። ለተማሪ 3 ኪሎ በሶ፣ 2 ኪሎ ቆሎ፣ 2 ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ ጨውና ሚጥሚጣ ለአንድ ወር ተኩል ይሆናል፤ ጓደኞቹ አብረው እንደሚበሉ ይቁጠሩት። በሶ ከወፍጮ ትኩስ ሆኖ ከታሰረ ላቡን ይዞ ይጓጉላል፣ ይሻግታል፤ ሰፊ ሰፌድ ላይ አንድ ሌሊት አቀዝቅዘው ይቋጥሩት። ዳቦ ቆሎም እንደዚሁ፤ ሳይቀዘቅዝ ከታሰረ ይለሰልሳል። ድርቆሽ ሐዋሳ ላይ በክረምት በደንብ ስለማይደርቅ በበጋ ያዘጋጁት፤ ሲሰበር ቀጭ ካላለ አልደረቀም። ወደ አሜሪካ በሚሄድ ሻንጣ ቋንጣ አይክተቱ፤ ስጋ አይገባም፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል።

በሴሚስተር አንድ ወይም ሁለት ቋጠሮ በቂ ነው። በየሳምንቱ መናኸሪያ መመላለስ ከጀመሩ ስንቁ ለልጁ መሆኑ ቀርቶ ለእርስዎ ሆኗል። ገንዘብም በወር አንድ ቀን፣ ቁርጥ ባለ መጠን በቴሌብር ይላኩ። በናፈቀዎት ቁጥር መላክ ልጁን ገንዘብ መያዝ ያሳጣዋል፣ እርስዎንም ወር መድረሻ ላይ ይጎዳል።

ክፍሉ

በመጀመሪያው ወር ምንም አይንኩ፤ አንሶላውን አጥበው በሩን ክፍት ይተዉት። የተዘጋ በር ቤት ውስጥ መቃብር ይመስላል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ለልጁ ነግረው ግማሹን ይጠቀሙበት፤ የልብስ ስፌት መኪናውን ወይም የጸሎት ወንበሩን ያስገቡ። መጻሕፍቱንና ልብሱን ሳይጠይቁ መስጠት አይገባም፤ ለዕረፍት ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ማከራየት የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማው ስላመጣ ክፍል ፈላጊ አይጠፋም። ገቢም ድምፅም ይገኝበታል። ነገር ግን ተከራይዋን እንደ ልጅ መቁጠር አይገባም፤ ማምሸቷን መቆጣጠር ሲጀመር ትወጣለች፣ ለእርስዎም ሁለተኛ መለየት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ክልሎች የሚወስኗቸው ከተሞች ላይ የሚሠራ ስለሆነ ከመዋዋልዎ በፊት ክፍለ ከተማውን ይጠይቁ። ልጁ ለክረምት የሚመጣ ከሆነ የት እንደሚያድርም አስቀድመው ይወስኑ።

ባልና ሚስት፣ ወይም ብቻ

ለ20 ዓመት «አባትሽን እራት ቀረበ በዪው» እየተባባሉ በልጅ በኩል ያወሩ ባልና ሚስት ልጅ ሲወጣ ፊት ለፊት ይቀራሉ። ትልልቅ ጉዳዮችን በዚያ ሰሞን አያንሱ። ቴሌቪዥኑን ዘግተው አብረው እራት መብላት፣ በሳምንት አንድ ቀን አብረው ገበያ መውጣት ይበቃል። አባቶች ብዙ ጊዜ አይናገሩም፤ ይልቅ ከሥራ መልስ ማምሸት፣ ቢራውን ከአንድ ወደ ሦስት ማሳደግ፣ በትንሽ ትልቁ መቆጣት ይጀምራሉ። «ምን ሆንክ?» ብሎ መጠየቅ መልስ አያመጣም። «ና፣ እስከ ሐይቁ እንሂድ» ሲባል ግን መንገድ ላይ ይናገራሉ፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ማውራት ይቀላል።

ብቻዋን ላሳደገች እናት ደግሞ ጎጂው ታናሽየውን የወጣው ልጅ ምትክ ማድረግ ነው። «አንተም ትተኸኝ ልትሄድ ነው» የሚለውን የሰማ የ15 ዓመት ልጅ ወይ ማጥናት ያቆማል፣ ወይ ለመሄድ ይቸኩላል።

እድር ላይ ያለዎትን ቦታ አይልቀቁ። እንዲያውም ኃላፊነት ይውሰዱ፤ ዕቃ ያዥ ወይም ገንዘብ ያዥ መሆን ጥሩ ነው፤ ሰው ድስትና ወንበር ፈልጎ በርዎን ያንኳኳል። ተራ አባል መቅረት ይችላል፣ ዕቃ ያዥ ግን አይችልም፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። የጽዋ ማኅበር፣ የመስጊድ ጀማዓ፣ የቤት ለቤት ጸሎት ኅብረት ያለው ሰው በየወሩ ተራውን ቤቱ ያድርግ። ዕቁብ ግን ለብቸኝነት ብለው አይግቡ፤ መክፈል ያቃተው ሰው ከዕቁቡም ከሰዎቹም ይጠፋል።

ወደ ሐኪም መሄድ መቼ ነው

እያለቀሱም ቢሆን የሚበሉ፣ የሚተኙ፣ ሰው ሲመጣ የሚስቁ ከሆነ ናፍቆት ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ምንም ነገር ደስ የማይል ከሆነ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ነቅተው የማይተኙ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ገላ መታጠብ እንኳ ከከበደ ግን ሐኪም ይዩ። ብዙ ወላጅ «አዘንኩ» አይልም፤ «ራሴን ያመኛል፣ ጀርባዬን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል» ይላል። ስለዚህ ለሐኪሙ ልጅ መውጣቱንና መቼ እንደወጣ አብረው ይንገሩት፤ ካልነገሩት ለጨጓራ አክሞ ይመልሳል።

እናቶች አንድ ነገር ይወቁ። ልጅ የሚወጣበት ዕድሜና የወር አበባ የሚቆምበት ዕድሜ ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ። የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣትና መነጫነጭ ከዚያ ሊሆን ይችላል። የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የደም ማነስም ድካምና ትካዜ ያመጣሉ፤ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። የድብርት መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ስለሆነ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው አይጣሉት። ጸበል የሚሄድ ሰውም ክኒኑን ይዞ ይሂድ። መሞትን የሚመኝ ወይም «ብሄድ ይሻላል» የሚል ሰው ካለ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ እስከዚያ ብቻውን አይተው፣ መድኃኒትና መርዛማ ኬሚካል ከአጠገቡ ይራቅ።

በዓልና የዕረፍት ጊዜ

የመጀመሪያው በዓል ከሌላው ቀን ይከብዳል፤ አስቀድሞ ይታሰብበት። ገና ሲደርስ ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ ስለሚሆን አይመጣም። ሁለት ሰው ሆነው ዶሮ ማረድ ከከበደ ከጎረቤት ጋር አንድ ዶሮ ይሥሩ፤ 12 ብልት ለሁለት ቤት ይበቃል። ቅርጫም ላይ ግማሽ መደብ መግባት ይቻላል። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ከየአገሩ ምእመን ወደ ሐዋሳ ይመጣል፤ ባዶውን ክፍል ለዘመድ ወይም ለሚያውቁት እንግዳ መስጠት ለሁለት ሌሊት ቤት ይሞላል። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላም በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ብቻዎን አይሂዱ፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ይውጡ።

ልጁ ራሱ ለዕረፍት ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ይተኛል፣ ከዚያ ጓደኞቹ ጋር ይወጣል። ይህ የተለመደ ነው። የዘመድ ጉብኝቱን ለአንድ ቀን ብቻ ይያዙለት፣ ለሁለታችሁ ደግሞ አንድ ከሰዓት ይጠይቁ፤ ሌላውን ለእሱ ይተዉት። ተመልሶ ሲሄድ ግን የመጀመሪያው ቀን ስሜት እንደገና ይመጣል፤ አንዳንዴ ይብሳል፣ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ የሚሸኝ ዘመድ አይመጣም። ስለዚህ አውቶቡሱ በሚነሳበት ቀን ምሽት ላይ ጎረቤት ለቡና ይጥሩ፤ አንሶላውን በማግስቱ ያጥቡታል፤ ቀጣዩን የስልክ ቀጠሮ ደግሞ ሳይሳፈር መናኸሪያው ውስጥ ይቁረጡ።